ክፍል ሁለት የታየበት ሳምንት

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነበር። ደህና ቀን መሆኑን ግን ያን ዕለት አላወቅሁም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ ሙሉቀን ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የማይክራፎኑን ገመድ በጥቁር ፕላስተር ይጠቀልል ነበር። እናታችን ፈንጠር ብላ ገብስ አስጥታ ዶሮ ትከላከላለች። በዚያ ወቅት ደባርቅ ፀሐይ ወጥቶም ይበርዳል፤ እሱ ግን ጃኬቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ብርቱካናማ ጃኬት ነበር፣ ተራራው ላይ እስከ ጨነቅ ሰፈር ሻንጣውን የተሸከመለት አንድ ፈረንጅ የሰጠው። እጅጌው ላይ የእሳት ፍንጣሪ የበሳው ቀዳዳ ነበረው።

"ነገ ትመጣለህ?" አለኝ ቀና ሳይል።

"የት?"

"የት ይለኛል እንዴ። ቪዲዮ ቤት ነዋ። ሽማግሌዎቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ።"

"የማጠናው አለኝ።"

"አንድ ቃል ነው ይርጋ። የሰማኸውን መናገር ብቻ ነው።"

"አልሰማሁም አልኩህ እኮ። ጫጫታ ነበር።"

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠና፣ "በል እሺ ምሁሩ፣ ተወው" አለ። "ጠዋት ዳባት ደርሼ መምህሩን ይዤ እመጣለሁ። የሱን ቃል አይጥሉትም።"

እናታችን ይህን አልሰማችም። ዶሮዎቹን ልታባርር ወደ አጥሩ ሄዳ ነበር። ከዚያ ገብተን ሽሮ በላን። ወደ ማታ አባታችን የጎረቤት በሬ ስለ መጥፋቱ ሲያወራ ሙሉቀን የባለ በሬውን አነጋገር እያስመሰለ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ያ ቀን ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የማስታውሰው የለኝም፤ ብዙ ጊዜ ፈልጌ ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን መናኸሪያ የሰማሁት ወሬ ነው። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ፊልም እያዩ ይከራከራሉ። "ክፍል ሁለቱን እኮ ገደሉት" ይላል አንደኛው። "ቀልድ በቀልድ አደረጉት። ጀግና ነው ወይስ ኮሜዲያን?" ሌላው፣ "ምን አገባህ፣ ያስቃል አይደል እንዴ?" ይለዋል። "መሳቅ ስፈልግ ሌላ አያለሁ። ለሱ እኮ ክፍል አንድ ላይ አልቅሻለሁ።" ይህን ሲል ወርጄ ቀጣዩን መኪና ጠበቅሁ። ሙሉቀን ሲሞት ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ ዛሬ ሠላሳ ሞልቶኛል። ታላቅ ወንድሜ ነበር፣ አሁን በዕድሜ ታናሼ ሆኗል። ይህ ምን እንደሚባል አላውቅም።

የጋሽ ፈንቴ ቪዲዮ ቤት ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል፤ መስታወቱ ከሩቅ ያብለጨልጫል፣ ከፊቱ መኪና የሚያጥቡ ልጆች አሉ። ያን ጊዜ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነበር፣ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረዱ። መግቢያው ሁለት ብር ነው፣ አዲስ ፊልም ሲመጣ ሦስት ይሆናል። ሃምሳ ሳንቲም ያለው በጋዜጣ የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ ይዞ ይገባል። አግዳሚዎቹ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበሩ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ከባድ ሰው ሲነሳ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ይወድቃል፣ ቤቱም ይስቃል። በቅሎ ጫኞቹ ፈረንጆቻቸውን አድርሰው ከተራራ ሲወርዱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይገባሉ፤ ጋቢያቸው የበቅሎ ላብና የጭስ ሽታ አለው። መብራት ሲጠፋ በመግቢያው ላይ የጄኔሬተሩ ቤንዚን ዋጋ ይጨመርበታል። እኛ ተማሪዎች ያን ዓመት ሁላችንም ነጭ ሸራ ጫማ እናደርግ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ በፌስታል የምንጠቀልለው። ፊልሙ እስኪጀመር ጋሽ ፈንቴ በስፒከሩ ማሲንቆ ያለበት የሰርግ ዘፈን ይለቃል፤ ያን ዘፈን ወፍጮ ቤት እህል ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች ሳይከፍሉ ይሰሙታል። ያ ሽታና ያ ዘፈን ዛሬ አንድ ላይ ቢመጡብኝ የምሆነውን እንጃ።

ሙሉቀን የዚያ ቤት ተርጓሚ ነበር። የአሁን ልጆች ይህን ሥራ ላያውቁት ይችላሉ። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ የሚሉትን እየተከተለ በማይክራፎን በአማርኛ ይናገራል። ወንዱም ሴቷም ሕፃኑም እሱ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ እንግሊዝኛውን ያገኘው ከተራራው ነው፣ ከፈረንጅ ጋር ስድስት ዓመት ድንኳን ሲሸከምና ወጥ ሠሪ ሲረዳ። ከበየዳ ሲመለሱ ገደል ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ ዳገት አይችልም። እርሻውም አልሆነለትም። ማይክራፎኗ ብቻ ቀረችለት፣ ሰውም በሷ አወቀው። ገበያ ውስጥ ሲያልፍ "አይበገሬ" እያሉ ይጠሩታል።

አይበገሬ ያልነው የአንድ ፊልም ጀግናን ነው። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነበር፣ ለአፍ ስለማይመች ማንም አልያዘውም። ብረት የሚያጥፍ፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል ሰው ነው። በክፍል አንድ ጠላቱ ከተማውን ሲያፈርስ እናቱ ከፍርስራሽ ሥር ትቀራለች። በእጁ ቆፍሮ ያወጣታል፣ ብቻውን ይቀብራታል። እዚያ ላይ በፊልሙ ውስጥ ምንም ንግግር የለም፣ ዝናብ ብቻ ነው። ሙሉቀን ግን ዝም አላለም። የኛን አገር ፉከራ አስገባ፣ እናቱን በስሟ እያነሳ ፎከረላት። ገብስ ሸጠው የገቡ ትልልቅ ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ፊልሙ ሰባት ጊዜ ታየ። እኔ የአይበገሬን ሥዕል የሒሳብ ደብተሬ ሽፋን ላይ ሥዬ ዓመቱን ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ክፍል ሁለት በዓመቱ መጣ። ጋሽ ፈንቴ ሲዲውን ከጎንደር ያስመጣው በሰው እጅ ነው፤ በሩ ላይ በቀይ ማርከር ጽፎ ለጠፈ። ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ። ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮቱ ከረጢት ቀዳዳ ያይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ ሙሉቀን "ከሦስት ሳምንት በኋላ" ብሎ አነበበው። ከዚያ አይበገሬ ብቅ አለ። የሚናገር ውሻ አስከትሏል። ከጣሪያ ሲዘል ስቶ የሰው ሰርግ ላይ ወደቀ፣ ፊቱ በኬክ ተለወሰ። ሰው ትንሽ ሳቀ። ድልድዩን ነቅሎ የሚመጣ ጠላት ፊቱ ቆሞ፣ ሱሪህን በስንት ገዛኸው ብሎ ጠየቀው። ሳቁ ቀነሰ። መጨረሻ ላይ ጠላቱ መሣሪያውን ደግኖ፣ እናትህን ገድያለሁ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው አለው። ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ። አይበገሬ ፈገግ አለ። ሙሉቀንም በማይክራፎኑ፣ "የናቴን ሾርባ ጠጥቼ ያልሞትኩ ሰው፣ በዚህ አልሞትም" አለ።

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሻምበል ተነሳ። ሻምበል በቅሎ ጫኝ ነው፣ ሙሉቀን ተራራ ላይ ሲሠራ አብረውት ከነበሩት አንዱ።

"አቁምልን" አለ። "ጋሽ ፈንቴ፣ አቁሙልን።"

ፊልሙ ቆመ።

"ሙሌ፣ ይሄ ሰው እናቱን ከቀበረ ስንት ቀኑ ነው?"

"ሦስት ሳምንት ይላል" አለ ሙሉቀን።

"አርባዋ አልወጣማ።"

"አልወጣም።"

"አርባዋ ሳይወጣ በናቱ ሾርባ ይቀልዳል?"

"እሱን ጠይቁት እንጂ እኔን? እኔ የሚለውን ነው ያልኩ።"

"አንተ ነህ የጨመርከው" አለ ከኋላ አንድ ልጅ። "ክፍል አንድ ላይ ፉከራውን ማን ጨመረው? እንግሊዝ ይፎክራል?"

ሙሉቀን የማይዋሽ ሰው ነበር። "ፉከራውን እኔ ነኝ" አለ። "አዝኜ ነው የጨመርኩት። ቀልዱን ግን ከራሴ አላመጣሁም። እኔ መች ወደድኩት።"

ይህን ማለቱ አባሰበት። ፉከራ የጨመረ ቀልድም ይጨምራል ተባለ። ቤቱ ተደበላለቀ፣ ቆሎ የወረወረም ነበር። ዛሬ ሳስበው ሰው የተቆጣው በሙሉቀን አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ አብሮት ያዘነለት ጀግና ሐዘኑን ጥሎ ሲስቅ አየ። ያን ሰው ደግሞ በሙሉቀን ድምፅ እንጂ በሌላ አያውቀውም። ሻምበል እጁን አንስቶ ሰውን ዝም አሰኘና ወደኔ ዞረ።

"ይርጋ ይናገር። እንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ነው፣ እሱ አይዋሽም። እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል?"

እንግሊዝኛው እንዲያ ይላል። እኔ ከስፒከሩ ሥር ነበር የተቀመጥኩት። ከባድ ቃል አልነበረበትም፤ እናት የሚለውን፣ ሾርባ የሚለውን፣ መሞት የሚለውን አምስተኛ ክፍል ያለም ይሰማዋል። ሙሉቀን ከበርጩማው ላይ ሆኖ አየኝ። ፊቱ ላይ ምንም ጭንቀት አልነበረም፣ ነገሩ እዚህ እንደሚያልቅ አውቆ ነበር።

"እኔ እንጃ" አልኩ። "ጫጫታ ነበር፣ አልሰማሁም።"

ለምን እንዲያ አልኩ? አሥራ ሦስት ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። ጓደኞቼ አጠገቤ ነበሩ፣ እነሱም ተቆጥተዋል። እኔም ተቆጥቻለሁ። ደብተሬ ላይ የሣልኩት ሰው በእናቱ ሲቀልድ በወንድሜ አፍ ሰማሁ፣ ያን ጊዜ ወንድሜን ጠላሁት። ፉከራውን መጨመር ከቻለ ቀልዱን መተው ይችል ነበር አልኩ በሆዴ። ይህን ፊት ለፊት ብነግረው ኖሮ እንጣላና ያልቅ ነበር። እኔ ግን አልሰማሁም አልኩ።

ጋሽ ፈንቴ ክርክሩን በኛ ወግ ሊዘጋው ፈለገ። የሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ ይቀመጥ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ምስክር ይምጣ፣ ያቺ ቦታ ተመልሳ ትታይ አለ። ሙሉቀን ከራሱ ጨምሮ ከተገኘ ማይክራፎኑን ያስረክባል፤ ካልጨመረ የሰደቡት ሁሉ ይቅርታ ይጠይቁታል። የደባርቅ መምህራን በዚህ ነገር አንገባም አሉ። ቪዲዮ ቤቱ ተማሪ ከትምህርት ያስቀራል ብለው ከጋሽ ፈንቴ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። የቀረው ድሮ ሙሉቀንን እዚሁ ያስተማረውና በኋላ ዳባት የተዛወረው መምህር ነበር። ወይም እኔ። በሳምንቱ ውስጥ ሙሉቀን ገበያ ሲያልፍ "ሾርባው" ይሉት ጀመር። ልጆች ከኋላው እየተከተሉ፣ "ሙሌ፣ ሱሪህን በስንት ገዛኸው?" ይሉታል። እሱ ይስቅላቸዋል። ቤት ሲገባ ግን እራት ቀርቦለት አይበላም ነበር። እናታችን ጉልበቱ ያመመው መስሏት በሞቀ ውሃ ጨርቅ እየነከረች ታስርለታለች። እኔ ከምድጃው ማዶ ተቀምጬ ይህን አያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲወጣ ነቅቼ ነበር። የተኛሁ መሰልኩ። ጋቢዬን ከእግሬ ላይ ሳብ አድርጎ አለበሰኝና ወጣ። እኔ ተነሥቼ መጽሐፍ ዘረጋሁ፣ አጠናለሁ ብያለሁና። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሻምበል በራችን ላይ መጣ፣ ባዶ ራሱን፣ ባርኔጣው እጁ ላይ። ሚኒባሱ ዳባት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መታጠፊያው ላይ ተገልብጧል። የቆሰሉ ብዙ ናቸው፣ የሞተው አንድ ሰው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የተቀመጡት ግን እኛ ደጅ ነበር፣ የእድሩ ድንኳን ሥር፣ ሦስቱም ጎን ለጎን። በአሥር ሰዓት ቀበርነው። ካህናቱ ሲፈቱት እኔ የማየው ሰው የቆመበትን ጭቃ ነበር፤ ነጭ ሸራ ጫማዬን ሳልቀይር ነው የሄድኩት።

ከቀብር ስንመለስ ገና አልመሸም ነበር። ወንዶቹ ንፍሮ እየያዙ ዙሪያዬን ተቀመጡ። ሐዘንተኛን በዝምታ መተው ነውር ስለሆነ ማጫወት ጀመሩ። ሻምበል ስለ ሙሉቀን አወራ። ጨነቅ ላይ ወጥ ሠሪው ታሞ ሙሉቀን ብቻውን ለስድስት ፈረንጅ ሾርባ እንዴት እንደሠራ። "ጨው መስሎት የልብስ ሳሙና ዱቄት ነዛበት። ድስቱ አረፋ ደፈቀ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? የአገራችን ሾርባ እንዲህ ነው የሚፈላው አላቸው። አንዱ ቀምሶታል እኮ። እኔም ቀምሻለሁ። ያን ሾርባ ጠጥቼ ያልሞትኩ..."

እዚህ ላይ አቆመ። ሰዎቹ ይስቁ ነበር። እኔ ጭምር ስቄ ነበር፣ ወንድሜን በቀበርኩ በሰዓቱ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ። ሻምበል ግን አፉን በጋቢው ያዘ። ማንም ምን እንደነካው አልጠየቀውም። እኔና እሱ ተያየን፣ እሱም ቶሎ ዐይኑን ወደ መሬት መለሰ።

ያን ሌሊት እናቴ ደጋግማ አንድ ነገር ትል ነበር። ልጄን ዳባት ምን ወሰደው። ለገባው ለወጣው ትጠይቃለች። ዳባት ዘመድ የለንም፣ ገበያም አልነበረውም። የሚያውቁት ሁሉ አልመለሱላትም። በፊልም ነው፣ በሾርባ ነው፣ ሽማግሌ አስቀምጠንበት ነው ብሎ ለሐዘንተኛ እናት ማን ይናገራል? ይቀልዱብኛል ልትል ትችላለች። የእግዜር ሥራ ነው፣ ቀኑ ነው ይሏታል። እሷም እንደገና ትጠይቃለች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰዎች ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጡ። አባቴ ከበሩ አጠገብ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሱ ቀጥሎ፣ ሻምበል ከዳር። ጋሽ ፈንቴ ሲገባ እናቴ እጁን ያዘችው።

"እርስዎ አሠሪው ነዎት፣ ያውቃሉ። ልጄን ዳባት ምን ወሰደው?"

ጋሽ ፈንቴ ባርኔጣውን እያዞረ፣ "እመት፣ ምን ብዬ" አለ።

እኔ ተነሣሁ። የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ።

"እማዬ፣ ሙሌ ዳባት የሄደው ምስክር ሊያመጣ ነው" አልኩ።

"የምን ምስክር?"

ነገርኳት። የፊልሙን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የሞተችውን እናት፣ ሦስቱን ሳምንት፣ ሾርባውን። ያን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ካልኩት በኋላ ሙሉቀን እንዳለው በአማርኛ ደገምኩት። ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም አልኩ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በሰው ፊት ስጠየቅ አልሰማሁም ብያለሁ። ዓርብ ዕለት ደጃፉ ላይ ሲለምነኝም እንዲሁ ብያለሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ይበቃል ልጄ፣ አሁን ምን ይረባል" አሉ። ሻምበል ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። እናቴ የጋሽ ፈንቴን እጅ ለቀቀችና መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፤ ሥራ ልትጀምር ስትል እንዲያ ታደርግ ነበር።

"አንተ ተናግረህለት ቢሆን" አለች፣ "አይሄድም ነበር?"

"አንቺ፣ ተይው" አላት አባቴ።

አልተወችውም። እኔን እያየች ጠበቀች።

"አይሄድም ነበር" አልኳት።